ሰባተኛው መስታወት

ስድስቱ መስታወቶች ተናግረዋል፤ ሰባተኛው ግን ለሦስተኛ ሳምንት አፉን ዘግቶ መጣ።

ሳያት ከማይክሮስኮፑ ቀና ብላ ዓይኖቿን አሸት አሸት አደረገችና እንደገና አጎነበሰች። በስሱ መስታወት ላይ የተቀባው ቫዝሊን ገና ነፋስ እንዳልነካው የማለዳ ሐይቅ ጠርቷል። የምትፈልገው ቢጫ ብናኝ ቀርቶ አንዲት የአቧራ ቅንጣት እንኳ አልነበረችበትም። በሐዋሳ መሃል ከተማ፣ ባጃጅ ባጃጅን እየተከተለ በሚያልፍበት መንገድ ዳር፣ ጣሪያ ላይ ሳምንት ሙሉ የከረመ መስታወት አቧራ አለመያዙ በራሱ ተአምር ነበር። ሳያት ግን በዚያች ሰዓት የምትፈልገው በመጥፋቱ እንጂ የማትፈልገው በመታጣቱ አልተደነቀችም። በንጹሕ የእጅ ጽሑፏ «ሰባተኛ ጣቢያ፦ ዜሮ» ብላ መዘገበች። ያየችውን ብቻ ሳይሆን ያሸተተችውንም መመዝገብ የተመራማሪ ግዴታ ነው ብላ ስለምታምንም «ናሙናው ደስ የሚል የጽጌረዳ ሽታ አለው» የሚል ማስታወሻ አከለችበት።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ዓመት ነው። ከሐይቁ ማዶ ባሉ የዘይቱን ዛፎች ላይ ዋግ ታየ፤ ለጋ ቅጠሉንና እምቡጡን በቢጫ ዱቄት የሚሸፍን፣ ፍሬውን ሳይበስል የሚያደርቅ በሽታ ነው። ዱቄቱ ከአቧራ የቀለለ በመሆኑ ቀትር ላይ ከቅጠሉ ተነሥቶ በነፋስ ይጓዛል፤ ያረፈበት ቅጠል የዘይቱን ከሆነና ሌሊቱም እርጥበት ካለው እዚያው ይበቅላል። የመጀመሪያ ዲግሪዋን ከክፍሏ አንደኛ ሆና የጨረሰችውና አሁን ለሁለተኛው የምትማረው ሳያት፣ ጓደኞቿ ቀለል ያለ ርዕስ ሲመርጡ፣ «ይህ በሽታ ነገ የት ይደርሳል?» የሚለውን ጥያቄ ይዛ ተነሣች። የነፋሱን አቅጣጫ፣ የአየሩን እርጥበትና የቦታውን ርቀት እየመዘነ የሚያሰላ የኮምፒውተር ሞዴል ሠራች። ሞዴሉን ለመፈተን ደግሞ ከሐይቁ ዳርቻ ጀምሮ ወደ ምሥራቅ፣ ነፋሱ በሚሄድበት መስመር፣ በሰባት ሰዎች ጣሪያ ላይ ቫዝሊን የተቀባ መስታወት አስቀመጠች። የሚያልፈው ብናኝ ይጣበቅበታል፤ በየማክሰኞው ይቆጠራል፤ ቁጥሩም ሞዴሉ ካለው ጋር ይነጻጸራል።

ስድስቱ ጣቢያዎች እንደ ጎበዝ ተማሪ መልሳቸውን ሰጡ። አሞራ ገደል ያለው የዓሣ ሻጩ ጣሪያ፣ ምንም እንኳ አንድ አባ ኮዳ የሚባል ግዙፍ ወፍ መስታወቱን እንደ ግል መቀመጫው ቢቆጥረውም፣ በሳምንት ሦስት መቶ አሥር ብናኝ ያዘ። ጉዱማሌ አጠገብ ያለው መቶ ሰማንያ፣ ባህል አዳራሽ አካባቢ ያለው ስድሳ ሁለት። ርቀቱ በጨመረ ቁጥር ብናኙ ይቀንሳል፤ ልክ ሞዴሉ እንዳለው። ከሰባተኛው የሚጠበቀው ሃያ ነበር። የተገኘው ግን ዜሮ፣ ዜሮ፣ አሁንም ዜሮ።

ዜሮው የነካው የሳያትን ኩራት ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ። ከሰባተኛው ጣሪያ እልፍ ብሎ፣ በከተማዋ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ አንድ የችግኝ ጣቢያ አለ። በጣቢያው የሚገኙ አሥራ ሁለት ሺህ የዘይቱን ችግኞች በሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ ጠዋት፣ ዋጉ ታይቶባቸው ወደማያውቅ ሦስት ሩቅ ወረዳዎች ከአቮካዶ ችግኝ ጋር በጭነት መኪና ሊላኩ ተዘጋጅተዋል። ነፋስ በአሥር ዓመት የማያደርሰውን በሽታ መኪና በአንድ ቀን እንደሚያደርሰው ሳያት አስልታ ታውቃለች። ዋጉ እስከ ጣቢያው ዘልቆ ከሆነ መኪናው መቆም አለበት።

የጣቢያው ኃላፊ አቶ በኃይሉ ግን ሠላሳ ዓመት ችግኝ ያፈሉ፣ በወሬ ችግኝ ያላስቆሙ ሰው ናቸው። «እህቴ፣» አሏት፣ «ስድስቱ መስታወቶችሽ ለኔ ሩቅ ናቸው። ለኔ የሚቀርበው ሰባተኛው ነው፤ እሱ ደግሞ የለም ይላል። የራስሽ ምስክር የካደሽን ነገር እኔ በምን አንጀቴ ልመንሽ?»

አማካሪዋ ዶክተር አሸናፊም አላጽናኗትም። ሲቀልዱ ፊታቸው ሐዘን የተቀመጠ ሰው ፊት የሚመስል ምሁር ናቸው። «ሞዴልሽ እንከን የለውም፣» አሏት፤ «ምናልባት ነፋሱ አላነበበው ይሆናል።»

ሳያት ስለዚህ ቀኗ ባልሆነ ቀን፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ወደ ሰባተኛው ጣሪያ ባለቤት ወደ ሐጂ ኑሪ ቤት አመራች።

ሐጂ ኑሪ መሃል ከተማ ላይ ከሳሙና እስከ ቅመም፣ ከፕላስቲክ ባልዲ እስከ ቫዝሊን የሚሸጡበት ሱቅ አላቸው፤ መኖሪያቸው ከሱቁ ጀርባ ነው። በሱቁ ውስጥ የማያበራ ዕቃ የለም። የቲማቲም ድልህ ጣሳዎች እንኳ በየማለዳው ስለሚወለወሉ ሰው ፊቱን አይቶባቸው ጸጉሩን ያበጥራል። ሳያት መጀመሪያ መስታወቷን ይዛ በመጣች ጊዜ ሐጂ በሁለት እጃቸው ተቀብለዋት ነበር። መሰላሉን ግን አልፈቀዱላትም። «አንቺ የብዕር ሰው ነሽ፣ ልጄ፤ መሰላል የኔ ነው» አሉ። ከዚያ ወዲህ በየማክሰኞው ሐጂ ወደ ጣሪያው ይወጣሉ፤ ከሚገባው በላይ ይቆያሉ፤ ከዚያም መስታወቱን ነጭ ጨርቅ በተነጠፈበት ትሪ ላይ አድርገው ይወርዳሉ። እስከዚያው ድረስ ሳያት ሻይ እየጠጣች የባለቤታቸውን የእትዬ ሙንተሃን ነገር ትሰማለች።

የእትዬ ሙንተሃ ነገር ደግሞ አንድ ነው። «ይኼን ሁሉ ጊዜ ነፋስ ስትከተዪ አንድ ባል እንኳ አላመጣልሽም?»

«እትዬ፣ እኔ የምከታተለው የዛፍ በሽታ ነው።»

«ባልም አንዳንዱ እንደዚያው ነው» ይላሉ እትዬ ሙንተሃ፣ ወደ መሰላሉ እያዩ።

በዚያ ሐሙስ ግን ሳያት ለጨዋታ ጊዜ አልነበራትም። «ሐጂ፣ ላስቸግርዎ ነው የመጣሁት፣» አለች። «መስታወቱ የተቀመጠበት ቦታ ነፋስ ያገኘዋል?»

«ነፋስ? ልጄ፣ ባለፈው የእትዬሽን ነጠላ እስከ መናኸሪያ ወስዶታል። ምነው፣ ምን ጎደለ?»

«የጎደለውን ነው የምፈልገው። እንዲህ ልንገርዎ። አንድ ሰው የዱቄት ከረጢት በሱቅዎ በር ላይ ቢያራግፍ—»

«በሱቄ በር ላይ ዱቄት የሚያራግፍ የለም» አሉ ሐጂ ኮስተር ብለው።

«ቢያራግፍ ነው ያልኩት። ዱቄቱ በቅርቡ መደርደሪያ ላይ ብዙ፣ በሩቁ ላይ ጥቂት ያርፋል። ጥቂት ይሆናል እንጂ ጨርሶ የለም አይባልም። የኔም ነገር እንደዚያ ነው። ከስድስቱ ቤቶች የምወስደው መስታወት ሁሉ አንድ ነገር ይዞ ይመለሳል። ከእርስዎ ቤት ብቻ ባዶውን ይመለስልኛል።»

ሐጂ ኑሪ የያዙትን የሻይ ብርጭቆ ቀስ ብለው አስቀመጡ።

«ባዶውን?»

«ባዶውን።»

«ሌሎቹ ግን ሞልተው ነው የሚሰጡሽ?»

«አዎ። አሞራ ገደል ያለው ዓሣ ሻጭማ ሦስት መቶ አሥር።»

«ዓሣ ሻጩ!» አሉ ሐጂ፣ ሰው እንደሰደባቸው።

እትዬ ሙንተሃ ጠጋ ብለው ተቀመጡ። «ለመሆኑ ምንድን ነው እሱ የሚሰጡሽ?»

«ቢጫ ብናኝ ነው፣ እትዬ። ቅጠል ላይ ሲያዩት እርድ የተነሰነሰበት ይመስላል።»

«ስንት ነበር ከኛ ቤት የሚጠበቀው?»

«ሃያ ያህል።»

«ሃያ ምን? ሃያ ማንኪያ?»

«ሃያ ፍሬ ነው፤ በዓይን የማይታይ።»

«ለእንግዳ ሃያ ፍሬ!» አሉ እትዬ ሙንተሃ፤ ከዚያ በኋላ ባልና ሚስት ለረጅም ጊዜ ዓይን ለዓይን ተያዩ። ሳያት ቦታው ነፋስ እንደሚያገኘው በማስታወሻዋ ጻፈች፤ ስለ ሻዩ አመስግናም ወጣች።

በዚያ ሰፈር ጎረቤት ሳህን ከላከ ሳህኑ ባዶውን አይመለስም፤ ሌላው ቢታጣ ጥቂት ስኳር፣ አንድ ሁለት ሎሚ ጣል ይደረግበታል። ሳያትም ያደገችው በዚሁ ሥርዓት ነው። እንዲያውም እናቷ የሚሞላው ነገር እስኪገኝ ድረስ የሰው ጎድጓዳ ሳህን ከቁም ሣጥን ጀርባ ደብቀው ያቆዩ ነበር። ይሁንና ሳያት ከመስታወትና ከሳህን መካከል ዝምድና መኖሩን ለአንድ አፍታ እንኳ አላሰበችም። ሞዴሏ ውስጥ ነፋስ፣ እርጥበትና ርቀት ነበሩ፤ ሳህን አልነበረም።

ማክሰኞ ጠዋት ሐጂ ኑሪ ከመሰላሉ ሲወርዱ ፊታቸው በርቶ ነበር። ትሪውን ራሳቸው ከፍ አድርገው፣ «ዛሬስ አላሳፈርንሽም» አሏት።

መስታወቱ ከዳር እስከ ዳር ቢጫ ነው።

አንድ ተመራማሪ እንዲህ ባለ ጊዜ ሊያደርገው የሚገባውን ሳያት አንድ በአንድ ታውቀዋለች፦ መረጋጋት፣ ናሙናውን መሸፈን፣ ቤተ ሙከራ ወስዶ መመርመር፣ ከዚያ በፊት ለማንም አለመናገር። ከአራቱ ያደረገችው ሁለተኛውን ብቻ ነው። ባጃጇ ገና ሁለተኛው አደባባይ ሳትደርስ ስልኳን አውጥታ አቶ በኃይሉ ጋ ደወለች።

«ጋሽ በኃይሉ! ሰባተኛው ይዟል! ሞልቷል!»

«ስንት?»

«ለመቁጠር የሚያስቸግር!»

በስልኩ ወዲያኛው ጫፍ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ። «እሺ። የነገውን መኪና አቆመዋለሁ። ደብዳቤሽን ይዘሽ ነይ።»

ሳያት በቤተ ሙከራው በር የገባችው አገር እንዳዳነ ሰው ነበር። መስታወቱን ከማይክሮስኮፑ ሥር አስገባች፤ አስተካከለች፤ አየች። የዋጉ ብናኝ እንቁላል መሳይ ነው፤ በዙሪያው ጥቃቅን እሾህ አለው። ይህ ግን እሾህ የለውም። ቅርጽም የለውም። ዶቃ የሚያህል፣ ጠጠር የሚያህል፣ የተጨማደደ ጆንያ የሚመስል፣ ሁሉም በየፊናው የተጎለተ ቢጫ ጓል ነው። አንድ ጠብታ አዮዲን ጨመረችበት። ጓሉ ሁሉ ጥቁር ሰማያዊ ሆነ፤ ያም የስታርች ምልክት ነው፤ በአጭሩ ምግብ ነው ማለት ነው።

ዶክተር አሸናፊ መቼ ከኋላዋ እንደቆሙ አላወቀችም። ጎንበስ ብለው አዩ፤ ከዚያም መስታወቱን አንሥተው አሸተቱት።

«ሳያት፣ ይህ ዋግ አልጫ ይወጣዋል።»

«ዶክተር፣ እኔ እኮ ነግሬያቸዋለሁ! መኪናውን አስቁሜያለሁ!»

«ቆመ?»

«ቆመ።»

«አቶ በኃይሉ ማይክሮስኮፕ አላቸው?»

«የላቸውም።»

ዶክተር አሸናፊ ግንባራቸው ላይ የተሰቀለውን መነጽር በጣታቸው ነካ አደረጉ። «እኔም ዛሬ መነጽሬን ቤት ረስቼ መጥቻለሁ» አሉ፣ እንደተለመደው ሐዘን በተቀመጠ ፊት፤ ከዚያ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው በመስኮት ወደ ውጪ ማየት ጀመሩ።

ሳያት መስታወቱን አየች፤ ስልኩን አየች። መኪናው ቆሟል። እንዲቆምም ትፈልግ ነበር። ዋጉ ጣቢያው ስለመድረሱም በልቧ አንዳች ጥርጥር የላትም። ዝም ብትል አሥራ ሁለት ሺህ ችግኝ ባለበት ይቆያል፤ ሦስት ወረዳም ይድናል። ግን የሚድኑት በእርድ ነው። ነገ ሌላ ሰው መጥቶ በርበሬ ቢያሳያቸው አቶ በኃይሉ በምን ይለያሉ?

ደወለች።

«ጋሽ በኃይሉ፣ ጠዋት የነገርኩዎት ስሕተት ነው። ዋግ አይደለም። እርድ ነው።»

«ምን አልሽ?»

«እርድ። የወጥ እርድ።»

የተከተለው ሣቅ እስከ መስኮቱ ድረስ ስለተሰማ የዶክተር አሸናፊ ትከሻ ንቅንቅ ንቅንቅ አለ። አቶ በኃይሉ ሣቃቸውን ሲጨርሱ ድምፃቸውን አስተካከሉ። «እንግዲህ መኪናው ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ይወጣል። ያን መስታወት ግን አትጣዪው፤ ለምሳ ይሆንሻል።»

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሳያት በሐጂ ኑሪ ሱቅ በር ቆማ ነበር። ልትቆጣ ነው የመጣችው። ሐጂና እትዬ ሙንተሃ ግን ስጦታውን ወደደችው ወይስ አልወደደችውም የሚለውን ለማወቅ በሚጓጓ ፊት ስለተቀበሏት ቁጣዋ ከየት ወገን እንደሚጀምር ጠፋባት።

«ሐጂ፣ መስታወቱ ላይ እርድ አድርገዋል?»

«እኔ አይደለሁም፤ እሷ ናት» አሉ ሐጂ በኩራት።

«የቴፒ ነው፣» አሉ እትዬ ሙንተሃ፤ «ለገበያ ከምናወጣው አይደለም፤ ለቤታችን ካስቀመጥነው ነው። ዓሣ ሻጩ እንደዚያ ያለ አልሰጠሽም።»

«እትዬ፣ እኔ እኮ የምፈልገው ነፋሱ የሚያመጣውን ነው! እርስዎ የሚሰጡኝን አይደለም!»

«ታዲያ ነፋሱ ምንም አላመጣም አልሽ። የሰው ዕቃ አራት ጊዜ ባዶውን ይመለስ? እኛ በዚህ ሰፈር እንዴት ቀና ብለን እንሄዳለን?»

ሐጂ ኑሪ ግን ይህን ባዶ የሚባል ቃል ደጋግመው ሲሰሙ አላስቻላቸውም። «ቆይ፣ ቆይ፣» አሉ። «እኔ ባዶ የሚለው ነገር ወላሂ አልገባኝም። መስታወቱ እኮ ባዶ ሆኖ አያውቅም። በየሳምንቱ ቆሻሻ ጠግቦ ነው የማገኘው። የማይጣበቅበት ነገር የለም፤ አቧራው፣ ትንኙ፣ ጥላሸቱ! እንደዚያ አድርጌ ለእንግዳ ልሰጥ ነው? አጥቤ ነው የምሰጥሽ እንጂ!»

«አጥበው?»

«አጥቤ! መጀመሪያ ቫዝሊኑን በምላጭ እፍቃለሁ። ከዚያ በሳሙና። ከዚያ በለስላሳ ጨርቅ። ከዚያም አዲስ ቫዝሊን፣ የራሴን፣ ያን ጽጌረዳ የሚሸተውን፣ አንቺ እንደሰጠሽኝ አድርጌ ስስ አድርጌ እቀባዋለሁ። ሩብ ሰዓት የምቆየው ለምን ይመስልሻል? ሰማይ ልቆጥር ነው?»

ሳያት በሳሙና ካርቶን ላይ ተቀመጠች። ከማስታወሻ ደብተሯ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ በራሷ ንጹሕ የእጅ ጽሑፍ፣ ሲስቅባት ታያት፦ ናሙናው ደስ የሚል የጽጌረዳ ሽታ አለው።

«ሐጂ፣» አለች፣ «የተፋቀውን የት ነው የሚጥሉት?»

«መጣል?» ሐጂ ኑሪ በሕይወታቸው እንዲህ ተሰድበው አያውቁም። «የሰው አማና፣ የሰው አደራ እጥላለሁ? ቫዝሊኑ ያንቺ ነው፤ ጥናትሽን ስትጨርሺ ላስረክብሽ ነበር!»

ወደ ላይኛው መደርደሪያ ተንጠራርተው፣ ከሻማ ፓኮዎች ጀርባ፣ ክዳኑ ጥብቅ ተደርጎ የተዘጋ የማርማላታ ብልቃጥ አወረዱ። ከካርቶን የተቆረጠ ወረቀት ተለጥፎበታል፦ «የልጅቷ ቫዝሊን፣ የአራት ማክሰኞ»። በውስጡ አመድማ፣ ቆሻሻ፣ ዓለም ላይ ካየችው ሁሉ የሚያምር ቅባት አለ።

«ቫዝሊኑ ከመግባቱ በፊት ብልቃጡ ውስጥ ምን ነበረበት?»

«በፈላ ውኃ የታጠበ ነው! ሙንተሃ ያላጠበችው ብልቃጥ እዚህ ቤት ገብቶ ያውቃል?»

«እርዱስ? ከእርዱ በፊት ነው የተፋቀው?»

«እርዱን ያደረግነው አጥበን ከጨረስን በኋላ ነው፣» አሉ እትዬ ሙንተሃ፤ «በቆሻሻ ዕቃ ላይ ቅመም ይደረጋል እንዴ?»

ሳያት ብልቃጡን በሁለት እጇ ተቀብላ ለመሮጥ ስትነሣ የእትዬ ሙንተሃ ድምፅ ከኋላዋ ተከተላት። «ብልቃጡን መልሺልን! ባዶውን እንዳታመጪ ደግሞ!»

ቤተ ሙከራው እስኪዘጋ የቀራት ሁለት ሰዓት ብቻ ነበር። ብልቃጡን ለብ ባለ ውኃ ውስጥ አቆመች፤ ቅባቱ ሲለሰልስ በደርዘን መስታወቶች ላይ አሳስታ ቀባችው። ከዚያ ማየት ጀመረች። አቧራ አየች፤ የባጃጅ ጥላሸት አየች፤ የትንኝ እግር፣ የአበባ ብናኝ፣ ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ቀይ የሹራብ ክር። በሦስተኛው መስታወት ዳር ላይ፣ ከትንኝ ክንፍ ሥር ተሸጉጦ፣ አንድ እንቁላል መሳይ ነገር ነበር። እሾህ አለው። ከጎኑ ሌላ አለ።

ስትጨርስ ሰባ አራት ሆኑ። ሞዴሉ ለአራት ሳምንት የጠበቀው ሰማንያ ነበር። ዶክተር አሸናፊ ቆጠራውን ከመጀመሪያው ደገሙት፤ በዚህ ጊዜ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው ነው። ሰባ ሦስት አሉ፤ ስለ አንዷ ትንሽ ከተከራከሩም በኋላ ሰባ አራት መሆኑን አመኑ።

ረቡዕ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አንዲት ባጃጅ በችግኝ ጣቢያው በር ቆመች። መጀመሪያ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ማይክሮስኮፕ ወረደ፤ ቀጥሎ ሳያት፤ በመጨረሻም ነጭ ኮፍያቸውን ያጠለቁት ሐጂ ኑሪ። ምስክር ያስፈልጋል ብለው በሥራ ቀን ሱቃቸውን ለባለቤታቸው ትተው የመጡት ራሳቸው ናቸው። የጭነት መኪናው ተጭኖ ሞተሩን እያሞቀ ነው።

አቶ በኃይሉ ሳያትን ሲያዩ ኮፍያቸውን ወደ ኋላ ገፋ አደረጉ። «ትናንት ጠዋት ዋግ አልሽኝ፤ ትናንት ቀትር እርድ አልሽኝ። ዛሬ ደግሞ ባለሱቅ ይዘሽ መጣሽ። በርበሬ ነው?»

«ቫዝሊን ነው፣» አለች ሳያት፤ ማይክሮስኮፑንም በችግኝ ሣጥን ላይ አቆመች።

ታሪኩን ሁሉ ነገረቻቸው፤ ምላጩን፣ ሳሙናውን፣ ጽጌረዳውን፣ ብልቃጡን። ሐጂ ኑሪ በየመሐሉ «ወላሂ እውነት ነው» እያሉ አጸደቁ። አቶ በኃይሉ ጎንበስ ብለው አዩ። ብዙ ቆዩ።

«ይኼ እሾሃሙ ነው?»

«እሱ ነው።»

«እስቲ እኔም ልይ» አሉ ሐጂ ኑሪ፤ ለአራት ሳምንት ሲያጥቡ የከረሙትን ጠላታቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት ተመለከቱ። ቀና ሲሉ ፊታቸው በድል በርቷል። «አያችሁ? ይኼን ነበር ለእንግዳ ስጥ የምትሉኝ! እንኳንም አጠብኩት!»

አቶ በኃይሉ አልሣቁም። ወደ መኪናው አዩ፤ ወደ ሳያት አዩ። «ትናንት መኪናዬን አስቁመሽ ዝም ብትዪ ኖሮ አላውቅብሽም ነበር፣» አሉ እያጉረመረሙ። «በገዛ ስልክሽ ደውለሽ እርድ ነው ብለሽ የተዋረድሽ ሰው፣ ዛሬ ደግሞ ተነሥተሽ በቫዝሊን አትዋሺኝም። አንተ! ሞተሩን አጥፋ! ዘይቱኑን አውርዱ፤ አቮካዶው ብቻ ይሂድ!»

ጫኞቹ የተሳደቡትን ስድብ እዚህ መጻፍ አይቻልም።

በዘጠነኛው ቀን፣ በሦስተኛው መደብ ላይ ባሉ ችግኞች ለጋ ቅጠል ላይ፣ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ቢጫ ነጠብጣቦች ብቅ አሉ። ሳያት ስታያቸው ደስ አላት፤ ደስ ስላላት ደግሞ ወዲያው አፈረች፤ አቶ በኃይሉ አጠገቧ ቆመው ችግኞቹን እንደ ታመመ ልጅ እየዳበሱ ነበርና። ከሦስቱ ወረዳዎች አንዱም የዘይቱን ችግኝ አልደረሰውም።

በጥናቷ ረቂቅ ውስጥ ሳያት እንዲህ የሚል ዓረፍተ ነገር አስገባች፦ «የሰባተኛው ጣቢያ መረጃ በጣቢያው ባለቤት ጨዋነት ምክንያት በየሳምንቱ ሳይሆን በድምር ቀርቧል።» ሌላ ቃል ፈልጋ አጥታ ነው፤ ሐሰት መጻፍም አልቻለችም። ዶክተር አሸናፊ አልሰረዙትም። በኅዳጉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ፣ «ጨዋነት በነፋስ ፍጥነት ላይ ያለውን ተጽዕኖ ለምን በሞዴሉ አላካተትሽም?» ብለው ጻፉ። ሳያት ጥያቄው ቀልድ መሆኑን ለመረዳት ሁለት ቀን ፈጀባት፤ እስከዚያው ድረስ ግማሽ ገጽ መልስ ጽፋ ነበር።

ብልቃጡንም መለሰች። በአቶ በኃይሉ ግቢ ካሉት ያረጁ ዛፎች ሳይታመሙ የተረፉ ፍሬዎችን ለቅማ፣ የመጀመሪያውን ድስት አሳርራ፣ ሁለተኛውን በተለካ ስኳርና በሰዓት ቆጣሪ ሠርታ፣ ቀይ የዘይቱን ማርማላታ እስከ አፉ ሞልታበት ነው። እትዬ ሙንተሃ ክዳኑን ከፍተው በጣታቸው ቀመሱ።

«ሃያ ፍሬ ነው ያደረግሽበት?»

«ሃያ ሁለት፣ እትዬ።»

«እንግዲህ ከዓሣ ሻጩ ትሻያለሽ» አሉና ብልቃጡን ወደ ጓዳ ይዘውት ገቡ።

ሐጂ ኑሪም ከእንግዲህ መስታወቱን ላለማጠብ ቃል ገብተዋል፤ ቃላቸውንም አላጠፉም። በተከታዩ ማክሰኞ ከመሰላሉ በፍጥነት ወረዱ። ትሪ የለም፤ ነጭ ጨርቅም የለም። መስታወቱ በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ ጋዜጣው በጥቁር ፌስታል ውስጥ ገብቶ፣ ፌስታሉ በክንዳቸው ሥር ተደብቋል። ወደ ሱቁ በር፣ ወደ ጎረቤት ሱቅ፣ ከዚያም ወደ መንገዱ ገልመጥ አሉ።

«ቶሎ በይ፣ ልጄ፣ ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺው፣» አሉ በሹክሹክታ፤ «ሰው ሳያየን።»